የእማዬ ጥርስ፦ መድህኑ አይሸፍንም ተባልን። አዳማ ውስጥ ያስተከላችሁ እንዴት ቻላችሁት?

የወንጂዋ ልጅ
ጥቅምት 4፣ 2017፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለናንተ ይሁን። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

እናቴ 66 ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ወንጂ ነው። አያቴ፣ ሆላንዶቹ በ1946 የስኳር ፋብሪካውን ሲከፍቱ አገዳ ለመቁረጥ ከመጡት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ወንጂ ያደገ ሰው ከጥርሱ ይታወቃል፣ ይህን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ቡናማ ነበር። ከዚያ መሸራረፍ መጣ። ሃምሳን ካለፈች በኋላ ደግሞ አንድ በአንድ ሄደ። ዛሬ ከላይ ሦስት ጥርስ ነው የቀራት፣ ሦስቱም ይነቃነቃሉ። ከታች ስድስት አሏት።

ምግቧ ሽሮ፣ ፍትፍትና አጥሚት ሆኗል። ሥጋ ካለ በሙቀጫ ወቅጬ ነው የምሰጣት። ቡና ላይ ቆሎ ሲዞር "ጠግቤያለሁ" ትላለች። ስትስቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። እሱን ለምደነው ነበር። ዘንድሮ ግን ማህበሯንም ተወች። ለ30 ዓመት የጠጣችውን የማርያም ማህበር! "በዚህ አፌ ከሰው ፊት አልቀመጥም" አለችኝ። እኔም ቆርጬ የተነሣሁት ያን ቀን ነው።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደብተር አለን፣ በየዓመቱ እናድሳለን። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ነርሷ በትህትና አስረዳችኝ። ሰው ሠራሽ ጥርስ መድህኑ ውስጥ የለም፣ ከውበት ሕክምና ጋር ነው የሚቆጠረው አለችኝ። እናቴ ቆንጆ ልሁን አላለችም። ልብላ ነው ያለችው።

እኔ የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፣ ለሠራተኛ የሕክምና ኢንሹራንስ የለንም። ወንድሜ ሞጆ ደረቅ ወደብ በቀን ሥራ ነው የሚተዳደረው። ባለፈው ሳምንት ተበድሬ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። አፏን ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያዩ "ዘጠኙም ይነቀላል፣ ላይና ታች ሙሉ ይሠራል፣ 42 ሺህ ብር" አሉን። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እማዬ "በቃ ተዪው ልጄ፣ እኔ ለምጄዋለሁ" አለች።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። እዚህ ከተማ ያስተከላችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁን ያሳከማችሁ፣ እንዴት ከፈላችሁት? ዋጋው የሚቀንስበት የመንግሥት ቦታ አለ? ደግሞስ ዘጠኙም የግድ መነቀል አለበት?

ፖስታ ቤት ጀርባ
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 3፡05

እግዜር ይርዳሽ እህቴ። የአባቴም ጉዳይ ይኸው ነው። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።

የሲኖትራኩ ሹፌር
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 3፡30

ኢንሹራንስ የለኝም ብለሽ ብዙ አትዘኚ። እኔ አለኝ። የምሠራበት ድርጅት ለሠራተኛው በቡድን ገዝቶልናል። ባለቤቴ ሁለት የፊት ጥርሷ ሲሰበርባት ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። ማስነቀልና ማስሞላት ይከፈላል፣ ምትክ ጥርስ አይከፈልም ተባልኩ። ውሉን አውጥቼ ሳነበው እውነትም ተጽፏል። ከኪሴ ነው ያሠራሁላት። ኢንሹራንስ ያላችሁ ሰዎች ክሊኒክ ከመሄዳችሁ በፊት ውላችሁን አንብቡ።

የጥርስ ሐኪም
ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 1፡20

እህቴ፣ መንግሥት ሆስፒታል ውስጥ የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። እናትሽን ሳላያቸው ይህ ነው ያ ነው አልልም። ግን ከጻፍሽው ተነሥቼ የምነግርሽ አለኝ።

መጀመሪያ፣ መድህኑን አትተይው። የማይሸፍነው ምትኩን ጥርስ ነው። የታመመ ጥርስ መንቀል፣ የድድ ኢንፌክሽን ማከም፣ መድኃኒቱ፣ ይህ ሁሉ ሕክምና ነው። ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፈሽ ወደ ሆስፒታል ውሰጃቸው። ብዙ ሰው "ጥርስ አይሸፈንም" ሲባል ሁሉንም ነገር ጠቅልሎ ወደ ግል ይሄድና ማስነቀያውንም፣ ራጁንም፣ መድኃኒቱንም ከኪሱ ይከፍላል። ያ ገንዘብ ለጥርሱ መዋል የነበረበት ገንዘብ ነው።

ቀጥሎ፣ ዘጠኙም ይነቀል የተባለውን ሌላ ሐኪም ይየው። ላይ ላይ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ጥሩ ይይዛል። ላንቃው ሰፊ ስለሆነ በምራቅ ተጣብቆ፣ አየር ሳያስገባ ይቀመጣል። የታችኛው እንደዚያ አይደለም። የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ነው፣ ምላስ ደግሞ እየገፋ ያነሣዋል። ብዙ ብር ከፍለው የታችኛውን ሙሉ ጥርስ አሠርተው መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጡ እናቶችና አባቶች አክሜያለሁ። ስለዚህ ከታች የማይነቃነቅ ጥርስ ካላቸው፣ በተለይ ክራንቻው ደህና ከሆነ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። የሰው ሠራሽ ጥርሱ ሽቦ እሱን ነው የሚይዘው። አጥንቱም እንዳይከስም ይረዳል። ወጪውም ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ታች የሚሠራው የጎደለው ብቻ ይሆናል።

ደግሞ አትቸኩሉ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋ አጥንት ይከስማል። በብዛት የሚከስመው በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ነው። ቁስሉ ገና ሳይረጋ ልኬት ከተወሰደ ጥርሱ በጥቂት ወር ውስጥ ይላላል። ከዚያ ከሥሩ፣ ድድ ላይ በሚያርፈው በኩል፣ እንደገና ማስሞላት ይመጣል፣ ሌላ ወጪ ማለት ነው። ቢያንስ 2 ወይ 3 ወር ጠብቁ። ገንዘብ ለማጠራቀምም ጊዜ ታገኛላችሁ።

ከመነቀሉ በፊት ስኳራቸውንና ግፊታቸውን አስለኪ። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፣ ቁስሉም ይዘገያል። አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው።

የወንጂዋ ልጅ
ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 3፡00

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጠብቁ የሚል ቃል ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ደስ ያለኝ። ለእማዬ አነበብኩላት። "ክራንቻዬ እኮ ጠንካራ ነው" ብላ በጣቷ እየነካች አሳየችኝ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ይህን ሁሉ ያመጣው የወንጂ ውኃ ነው?

ካምፕ ያደግኩ
ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 7፡15

እህት፣ እኔም የወንጂ ልጅ ነኝና ይህን ልመልስልሽ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስከታተለው የኖርኩት ነገር ነው።

የስምጥ ሸለቆ ከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ከእሳተ ገሞራው ዐለት እየሟሟ ነው የሚገባው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በድሮው ጊዜ የፋብሪካው ሠራተኞች የሚኖሩባቸው ካምፖች ከሚጠጡት ጉድጓዶች ውስጥ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተለካባቸው ነበሩ። በሰፈር የምናውቃቸው ትልልቅ ሰዎች፣ አንገታቸው አልዞር፣ ጀርባቸው አልቃና ያለ፣ የእርጅና ብቻ አልነበረም። ፍሎራይዱ አጥንት ውስጥም ይገባል። በኋላ ውኃውን በአጥንት ከሰል፣ ሌላም ጊዜ በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ ለማጣራት ተሞክሯል። የአዳማ ከተማ ውኃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ ስለሚመጣ ከዚህ ይለያል።

ጥርሱን የሚያበላሸው ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው። ማለትም በልጅነት፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ። እናትሽ በትልቅነታቸው ከወንጂ መውጣታቸው የለወጠው ነገር የለም። ትንንሽ ልጅ ያላችሁ የጉድጓድ ውኃ የምትጠጡ ወላጆች ግን ልብ በሉ። ውኃ ማፍላት ፍሎራይድ አያወጣም። እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲያንስ ይበልጥ ይበዛበታል።

የጥርስ ሐኪም
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 1፡10

ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ፍሎራይድ ብቻውን ጥርስ አያወልቅም። የጥርሱን ሽፋን ይቦረቡራል፣ ይሸራርፋል። ሰው ደግሞ በቀለሙ ስለሚያፍር ሐኪም ዘንድ አይሄድም። ድዱ ሳይታከም ዓመታት ያልፋሉ። በእናትሽ ዕድሜ የማያቸው አብዛኞቹ ጥርሳቸውን ያጡት በድድ በሽታና ዘግይተው በመምጣታቸው ነው።

ቦሌ ሰፈር 09
ጥቅምት 6፣ ከቀኑ 5፡40

ለምን ትለፊያለሽ እህቴ፣ ቤት ድረስ መጥቶ የሚሠራ ሰው አለ። በአንድ ቀን ይጨርሳል። ዋጋውም ከክሊኒኩ ሩቡ አይሞላም። ከፈለግሽ ስልኩን ልስጥሽ።

የሦስት ልጆች እናት
ጥቅምት 6፣ ከቀኑ 6፡05

እባክሽ እንዳታደርጊው! አክስቴ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ።

ሰውየው በር ላይ መጣ። ልኬት የለ፣ ላብራቶሪ የለ። ያቦካውን ፕላስቲክ ድዷ ላይ ለጥፎ፣ ከአጠገቡ ካሉት ደህና ጥርሶች ጋር አያይዞ አደረቀው። እንደማይወልቅ እንደ ትልቅ ነገር ነበር የነገረን። ከሥሩ ምግብ ይገባል፣ መታጠብ አይቻልም። በሁለት ወሩ ድዷ አበጠ፣ አፏ ሸተተ። ሆስፒታል ቆርጠው ሲያወጡት የተያያዙት ሦስት ደህና ጥርሶችም መነቀል ነበረባቸው። አክስቴ የሄደችው አንድ ጥርስ ጎድሏት ነበር፣ አራት አጥታ ተመለሰች። ሰውየውን ብንፈልገው ስልኩ አይሠራም።

ክሊኒክ ስትገቡ የተቋሙ ፈቃድና የባለሙያው ፈቃድ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን እዩ። ካላያችሁት ጠይቁ። አታፍሩ።

ቦሌ ሰፈር 09
ጥቅምት 6፣ ከቀኑ 6፡50

አላወቅኩም ነበር። ይቅርታ። ለአክስትሽ አዝኛለሁ። ስልኩን ለማንም አልሰጥም።

የላብ ልጅ
ጥቅምት 7፣ ከምሽቱ 4፡00

የጥርስ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። አፍ ውስጥ የሚገባውን ጥርስ በእጃችን የምንሠራው እኛ ነን። ስለ ዋጋው ትንሽ ላስረዳ።

ሰሙ፣ ጂፕሰሙ፣ ሮዙ ፕላስቲክ፣ ጥርሶቹ ራሳቸው፣ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጡት። ባለፈው ሐምሌ የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ሳጥን ጥርስ የምንገዛበት ዋጋ በጣም ጨምሯል። ክሊኒኮቹም ዝም ብለው አይደለም የጨመሩት። ግን ከክሊኒክ ክሊኒክ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ስለዚህ ከ2 ወይ ከ3 ቦታ ዋጋ ጠይቂ፣ በወረቀት ይጻፉልሽ። ወረቀቱ ላይ ማስነቀያው ለብቻ፣ ራጁ ለብቻ፣ ጥርሱ ለብቻ ይቀመጥ። ከተሠራ በኋላ ድድ ሲነካ የሚስተካከልበት ቀጠሮ ዋጋው ውስጥ መኖሩን ጠይቂ። የሁልጊዜው ጠብ የሚነሣው እዚያ ላይ ነው። አዲስ ጥርስ ሁሌም አንድ ቦታ ይወጋል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ መስተካከል አለበት። ለያንዳንዱ የሚያስከፍሉ ከሆነ በርካሽ የጀመርሽው ይወደድብሻል።

ስለ ዓይነቱ። ተራው የሚወልቀው ፕላስቲክ ርካሹ ነው፣ ለእናትሽም ይበቃል። ሲሰበር ይጠገናል፣ አጥንቱ ሲከስም ከሥሩ ይሞላል፣ ሌላ ጥርስ ቢወልቅባቸውም ይጨመርበታል። የሚተጣጠፈው ዓይነት ደስ ይላል፣ ሽቦ የለውም፣ ግን ለመጠገንም ከሥሩ ለመሙላትም ያስቸግራል። ብረት ያለበት ቀጭንና ጠንካራ ነው፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ኢምፕላንት የሚባለው፣ አጥንት ውስጥ የሚቀበረው የታይታኒየም ብሎን፣ ለአሁኑ አትጨነቂበት። ምናልባት አንድ ቀን እግዜር ሲሰጥ፣ ለታችኛው መንጋጋ ሁለት ብቻ እንኳ ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ።

ቢሰበር ደግሞ በሱፐር ግሉ አታጣብቁት። ተጣብቆ የመጣ ጥርስ ልኩ ይጠፋል፣ ልንጠግነው ስንል አይገጥምልንም። ስብርባሪውን ሁሉ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጡ።

የመንገድ ሰው
ጥቅምት 8፣ ከጠዋቱ 2፡30

ዋጋው የሚቀንስበት ቦታ ለጠየቅሽው፣ የጥርስ ሕክምና የሚያስተምሩ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባና ጅማ። አባቴን አዲስ አበባ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው ያሠራሁት። ተማሪዎቹ በመምህራቸው ፊት ነው የሚሠሩት፣ ሥራው ጥሩ ነበር። ክፍያው ከግሉ በጣም ያንሳል።

ግን ወረፋ አለ። አንዱ ጥርስ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። መጀመሪያ ልኬት፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ልኬት፣ ቀጥሎ በሰም ንክሻ መለካት፣ ቀጥሎ በሰም ላይ ሙከራ፣ በመጨረሻ መረከብ። ከዚያ ማስተካከያ። እኛ ሰባት ጊዜ ተመላልሰናል። ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በፈጣን መንገዱ ቅርብ ነው። ግን ለሁለት ሰው የሰባት ቀን ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ ከሥራ መቅረት ሲደመር ያተረፍኩት ያሰብኩትን ያህል አልነበረም። አዲስ አበባ የምታድሩበት ዘመድ ካለ አዋጭ ነው። ከሌለ በደንብ አስሉት።

መድህን ጽሕፈት ቤት የሠራሁ
ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 2፡00

ለሦስት ዓመት ወረዳ ላይ በጤና መድህን ሥራ ቆይቻለሁ። "ለምን አይሸፈንም" ብለው የጠየቁኝ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው፣ መልስ ስሰጥም ሁሌ ከብዶኝ ነው።

ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና አንድ ላይ ነው ከሽፋኑ ውጭ የተደረጉት። ምክንያቱ ይገባኛል። መዋጮው ትንሽ ነው፣ በዚያች ገንዘብ ወሊዱም፣ ወባውም፣ ቀዶ ሕክምናውም መሸፈን አለበት። ለመደበኛ ሠራተኛ የታሰበው የማህበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ደግሞ በ2002 ወጥቶ ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ።

ግን አንድ አፉ ባዶ የሆነ ሽማግሌ ምትክ ጥርስ ሲፈልግና አንዱ አፍንጫውን ማሳመር ሲፈልግ እኩል መታየታቸው ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ጥርሱን መንቀል ሕክምና ሆኖ መተካቱ ውበት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። የመድህን አባላት ጠቅላላ ጉባኤ አላቸው። ስብሰባ ሲጠራ ሂዱና ይህን አንሡ። ከታች ካልተነሣ ከላይ አያስታውሱትም። እኔ በሠራሁበት ጊዜ አንድም ቀን በቃለ ጉባኤ ሲሰፍር አላየሁም።

ሸዋ በር
ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 8፡20

ቅር እንዳትሰኚ እህቴ፣ ሃሳብ ልስጥ ብዬ ነው። እናቶቻችን ያለ ጥርስ ኖረዋል፣ ድዳቸው ጠንክሮ ሁሉን ይበላሉ። ይህን ሁሉ ሺህ ብር በዚህ ኑሮ ውድነት ለጥርስ ከማውጣት ለሕመም ቀን ማስቀመጡ አይሻልም?

ጡረተኛው
ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 10፡45

ልጄ ሸዋ በር፣ በክፉ እንዳላሰብክ አውቃለሁ። እኔ 71 ዓመቴ ነው። እስኪ ከውስጥ ያለውን ልንገርህ።

ያለ ጥርስ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ድድ ጠንክሮ ሁሉን ይበላል የሚባለው እውነት አይደለም። ይውጣል እንጂ አያኝክም። እኔ ሳላኝክ እየዋጥኩ ጨጓራዬ ታመመ። ሥጋ ተውኩ፣ ጎመን ተውኩ፣ እሸት ተውኩ። ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከርኩ ነው የኖርኩት። ስኳሬ የወጣውም በዚያ ጊዜ ነው። ሐኪሙ ዳቦ ቀንስና አትክልት ብላ ሲለኝ፣ በምን ልብላው ብዬ አለቀስኩ። በሕክምና ክፍል ውስጥ ሽማግሌ ሲያለቅስ አይተህ ታውቃለህ?

ደግሞ ንግግሩ አለ። "ፈ" እና "ሰ" ከአፌ በትክክል አልወጣ አሉ። የእድር ጸሐፊ ነበርኩ። ስም ጠርቼ ሰው ሲሳሳቅ ሰማሁ። ጽሕፈቱን ለሌላ ሰው አስረከብኩ። ለሕመም ቀን አስቀምጥ ያልከው ገንዘብ፣ እኔ የታመምኩት ያን ቀን ነው።

አሁን ከላይም ከታችም አለኝ። ያስነቀልኩት እኛ ትልልቆቹ አሁንም ኃይለማርያም ማሞ የምንለው ሆስፒታል ነው፣ አዳማ ሆስፒታል። ጥርሱን ልጆቼ ተዋጥተው ነው ያሠሩልኝ። የእናትሽን ነገር አትተይ፣ ልጄ የወንጂዋ።

ሸዋ በር
ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 1፡30

አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እናቴን አሁን ደውዬ ጠየቅኳት። እሷም ሥጋ የተወችው በጾሙ እንዳልሆነ ነገረችኝ። አላውቅም ነበር።

እቁብ ሰብሳቢ
ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 6፡00

ስለ ገንዘቡ ማንም በደንብ አልመለሰልሽምና እኔ ልሞክር። ገበያ ውስጥ እቁብ እሰበስባለሁ። ለሕክምና እጣ ያስቀደምንላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ሰው ባይነግርሽም ይደረጋል።

እቁብ ስትገቢ ለሰብሳቢው በግልጽ ንገሪው። "ለእናቴ ሕክምና ነው፣ በዚህ ወር እፈልገዋለሁ" በዪ። አባላቱ ይጠየቃሉ፣ አብዛኛው ሰው እናት ሲባል እሺ ይላል። ዋስ ያስፈልግሻል፣ ደመወዝ ያለው ባልደረባ ይሆናል። የምትችይውን ብቻ ግቢ። ጥርሱን አሠርተሽ መጣያው ሲቸግርሽ ከሰው ትጣያለሽ። ትምህርት ቤታችሁ የቁጠባና ብድር ማህበር ካለውም ወለዱ ትንሽ ነው፣ እሱን ጠይቂ። ከአራጣ ግን ራቂ። በጥርስ የተጀመረ አራጣ ቤት ሲያሸጥ አይቻለሁ።

የወንጂዋ ልጅ
ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 2፡15

ሁላችሁንም ሳላመሰግን ቀረሁ፣ ስሮጥ ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሪፈር አጽፌ ሆስፒታል ወሰድኳት። ስኳሯ ደህና ነው፣ ግፊቷ ትንሽ ከፍ ብሎ መድኃኒት ጀመረች። ሐኪሟ ራጅ አንሥታ አንድ በአንድ እየነካካች አየቻት። የላይኞቹ ሦስት ይነቀሉ አለች። ከታች ሁለት ብቻ ይነቀሉ፣ አራቱ ይቆያሉ፣ ሁለቱም ክራንቻዎች ደህና ናቸው አለች። ዘጠኝ የተባለው አምስት ሆነ! ማስነቀያውና መድኃኒቱ በመድህኑ ነው፣ ከኪሳችን የወጣው የባጃጅ ብቻ ነው።

ጥርሱን እዚያው አይሠሩም። ከሦስት ክሊኒክ ዋጋ በወረቀት ተቀበልኩ። መካከለኛውን መረጥን። ላይ ሙሉ፣ ታች ግማሽ፣ ተራው ፕላስቲክ፣ ሦስት ማስተካከያ ያለው፣ 26 ሺህ ብር። ግማሹ ልኬት ሲወሰድ፣ ግማሹ ስንረከብ። መካከለኛውን የመረጥኩት ሐኪሙ ልኬት በጥር ነው የምወስደው፣ አሁን አልወስድም ስላለኝ ነው። ርካሹ በማግስቱ ኑ ብሎን ነበር።

እቁብ ገባሁ። 16 ሰው ነን፣ በየ15 ቀኑ 1,500። ለሰብሳቢዋ ነገርኳት፣ ጥር ላይ ሊሰጡኝ ተስማሙ። የሒሳብ መምህሩ ዋስ ሆነኝ። ወንድሜ 2 ሺህ ይጨምራል።

የላብ ልጅ
ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 4፡20

በሰም ሙከራው ቀን አንቺም አብረሽ ሂጂ፣ ደግሞ በቀን ብርሃን መስታወት ስጪያቸው። ጥርሱ ገና ሰም ላይ ስለሆነ ቀለሙም፣ ርዝመቱም፣ አቀማመጡም በነጻ ይለወጣል። ፕላስቲክ ከሆነ በኋላ ግን አይሆንም። እናቶች አፍረው "ጥሩ ነው" ይላሉ፣ ቤት ሄደው ያዝናሉ።

የወንጂዋ ልጅ
የካቲት 2፣ ከምሽቱ 1፡50

የላብ ልጅ፣ ምክርህ እንዴት እንደጠቀመን!

ለሙከራ ስንሄድ ጥርሱ ነጭ፣ በጣም ነጭ ነበር። እማዬ መስታወቱን ይዛ ዝም አለች። "ጥሩ ነው" ልትል ስትል ያዝኳት። "እውነቱን ተናገሪ፣ ዛሬ ይለወጣል" አልኳት። "ይህ የእኔ አይደለም፣ የፊልም ሰው አስመሰላችሁኝ። ታች ካለው ጋር አይሄድም" አለች። ሐኪሙ የቀለም ናሙናውን አመጣ። አንድ በአንድ ክራንቻዋ አጠገብ እያስጠጋ አየችው። ከጠቆሩት ወገን ነው የመረጠችው፣ ኤ 4 የሚባለውን። ሐኪሙ "ይህን የሚመርጥ ሰው የለም፣ ይጠቁራል" አላት። "እኔ የወንጂ ልጅ ነኝ" አለችው።

ከሳምንት በኋላ ተረከብን።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። አፏ ምራቅ ይሞላል፣ ታች በግራ በኩል ወጋት። ሁለት ጊዜ ተመልሰን አስተካከሉት፣ አልከፈልንም። ሐኪሙ ምግቡን በትንሹ እየቆረጠች በሁለቱም በኩል እኩል እንድታኝክ ነገራት። በአንድ በኩል ስታኝክ የላይኛው ይነሣባታል። ለንግግሩ ድምፅ አውጥታ እንድታነብ ተባለች። ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያምን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ከወጥ ቤት እሰማታለሁ። መጀመሪያ ላይ "ሰ" ትንሽ ያፏጭ ነበር፣ አሁን ጠፍቷል።

ጡረተኛው
የካቲት 2፣ ከምሽቱ 2፡30

እሰይ! ማታ ማታ እንዲያወልቁት ንገሪያቸው። ድድም ያርፋል፣ ፈንገስም አይይዝም። ውኃ ውስጥ ይደር። እኔ መጀመሪያ ላይ ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ፈላ ውኃ ውስጥ ጨምሬው ተጣሞብኛል። በቀዝቃዛ ወይ ለብ ባለ ውኃ፣ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ነው። የጥርስ ሳሙናው ይፍቀዋል። ሲያጥቡት ደግሞ ከሥሩ ሳህን ውኃ ይኑር፣ ቢወድቅ አይሰበርም።

የወንጂዋ ልጅ
የካቲት 2፣ ከምሽቱ 3፡00

አባቴ፣ ምክርዎን ጽፌ አልጋዋ አጠገብ ለጥፌላታለሁ።

ትናንት ጎረቤት ቡና ተጠርታ አብሬያት ሄድኩ። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። ቆሎው ሲዞር እጇን ዘረጋች። "ገና ነው እማዬ፣ ሐኪሙ ጠንካራ ነገር ተዪ ብሏል" አልኳት። "አውቃለሁ" ብላ ዘግና ያዘችው። አላኘከችውም። እጇ ውስጥ እያገላበጠች ጨዋታዋን ቀጠለች።

ፖስታ ቤት ጀርባ
የካቲት 3፣ ከጠዋቱ 2፡10

እህቴ፣ አባቴን ልጀምርለት ነው። ክሊኒኩን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

የወንጂዋ ልጅ
የካቲት 3፣ ከጠዋቱ 2፡40

ልኬልሃለሁ። ከክሊኒኩ በፊት ግን ጤና ጣቢያ ሂዱና ሪፈሩን አጽፉ። ስኳሩንም አስለካው።